ማታ የሱቅ መስታወት ፎቶ ማንሳት (ሐዋሳ)፦ ነጸብራቁን ላጥፋው ወይስ ልተወው?

የፒያሳ ማታ | ጥቅምት 18፣ ከምሽቱ 4:10

ጤና ይስጥልኝ። ከነሐሴ ወር ጀምሮ ማታ ማታ ከፒያሳ ተነሥቼ እስከ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጉልበት ሲኖረኝም እስከ ፍቅር ሐይቅ ድረስ በእግሬ እየሄድኩ የሱቆችን መስታወት ፎቶ አነሳለሁ። የምፈልገው ከመስታወቱ ጀርባ የተደረደረውን ነው፦ ቬሎ የለበሱ አሻንጉሊቶችን፣ ጥለታቸው ወደ መንገዱ የዞረ የሐበሻ ቀሚሶችን፣ ቀይ ጨርቅ ላይ የተዘረጉ የወርቅ ሐብሎችን፣ የኬክ ቤቱን ሦስት ደረጃ የሠርግ ኬክ። ቀን ላይ እነዚህ ሁሉ አይታዩም። ፀሐይ መስታወቱ ላይ ታርፋለች፣ መንገደኛው ይጋርዳል፣ ባለሱቁም በሩ ላይ ዕቃ ይሰቅላል። መንገዱ ሲጨልም ግን እያንዳንዱ መስታወት ለብቻው እንደበራ ክፍል ይሆናል። አብዛኞቹ ሱቆች የብረት መዝጊያቸውን ስለሚያወርዱ መብራት ትተው የሚሄዱት ጥቂቶች ናቸው። እኔ በመንገዴ ላይ የቆጠርኳቸው 23 ናቸው፤ ሁሉንም በየተራ ማንሳት እፈልጋለሁ።

ያስቸገረኝ ነጸብራቅ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው የመድኃኒት ቤት አረንጓዴ መብራት ሄዶ የሙሽራዋ ደረት ላይ ያርፋል። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ነጭ ጭረት ይገባል። እኔም ካሜራዬን ደግፌ ከአሻንጉሊቷ ጎን ቆሜ እታያለሁ። ሌላው ደግሞ፣ አንዳንድ ፎቶዎች ላይ አግድም የተሰመሩ ጥቁር መስመሮች ይወጣሉ፤ በዓይኔ ስመለከት ግን መብራቱ ምንም አይልም። ካሜራዬ ያገለገለ ነው፣ ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። መቆሚያ የለኝም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የአንድ ሱቅ የሌሊት ጥበቃ ካሜራዬን ሊቀማኝ ሞከረ። አልተደባደብንም፤ ግን ከዚያ ወዲህ መስታወት ፊት ስቆም ልቤ ይመታል። በዚህ ነገር የቀደማችሁኝ ምከሩኝ።

አሮጌ ሌንስ | ጥቅምት 18፣ ከምሽቱ 5:02

ወንድሜ፣ መስመሮቹ ቀላል ስለሆኑ ከእነሱ ልጀምር። የሀገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በዚህ የተነሣ መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ዓይን አይደርስበትም። ርካሽ የኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ላይ ግን በድምቀቱና በድብዛዜው መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ሸተርህ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ) ከዚያ ምልልስ ሲፈጥን የፎቶው አንዱ ክፍል በደመቀበት፣ ሌላው በደበዘዘበት ቅጽበት ይነሣል፤ መስመር ሆኖ የሚታይህ ያ ነው። ሸተሩን 1/100 ወይም 1/50 ሰከንድ ላይ አድርገው። መስመሩ ይጠፋል። 1/200 ላይ ብትመልሰው ተመልሶ ይመጣል፤ ሞክረህ እየው።

ነጸብራቁን በተመለከተ መጀመሪያ ምን እየሆነ እንዳለ እወቅ። ተራ መስታወት ፊት ለፊት ሲታይ በእያንዳንዱ ገጹ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ ሁለቱ ገጾች ተደምረው 8 በመቶ ገደማ። ቀን ውጭው ከሱቁ ውስጥ በብዙ እጥፍ ስለሚደምቅ ያ 8 በመቶ የውስጡን ይውጠዋል። ማታ ሚዛኑ ይገለበጣል። ከውጭ የሚመለሱት በጣም ደማቅ ነጥቦች ብቻ ይሆናሉ፦ የባጃጅ መብራት፣ የመንገድ መብራት፣ ያ የመድኃኒት ቤት ምልክት። እነዚህን ነጥቦች ከሌንስህ ፊት መጋረድ ነው እንግዲህ።

ሌንሱን መስታወቱ ላይ ማስጠጋት የታወቀው መንገድ ነው፤ በሌንሱ አፍ ላይ የጎማ መከለያ ካለህ መስታወቱ ላይ ታጣብቀዋለህ፣ መቆሚያም ይሆንልሃል። ነገር ግን በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ እንደዚያ ቀርበህ ሙሉ አሻንጉሊት አይገባልህም፤ ራቅ ማለትህ አይቀርም። ስለዚህ ሁለት ሜትር ከሁለት ሜትር የሚሆን የማያብለጨልጭ ጥቁር ጨርቅ ከገበያ ግዛ፣ መሐሉን ለሌንሱ ብቻ ቅደድለት። ጓደኛህ በአንድ በኩል፣ የጓደኛህ ወንድም በሌላው በኩል በአንተና በመስታወቱ መካከል ይዘው ይቁሙ። ከጨርቁ ኋላ ያለው መንገድ በሙሉ ከመስታወቱ ላይ ይጠፋል፤ አንተም ትጠፋለህ። ብቻህን ከሆንክ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተህ ሌንሱን ከሥሩ አሾልከው። ነጭ ሸሚዝ ለብሰህ አትውጣ።

ሻማ | ጥቅምት 19፣ ከጠዋቱ 1:40

ጨርቅ ከመሸከም ፖላራይዘር የሚባለውን ማጣሪያ ብትገዛ ይሻላል። እኔ አሞራ ገደል ጀልባዎቹን ሳነሳ እጠቀምበታለሁ፤ የውኃውን ብልጭታ አጥፍቶ ከሥር ያለውን ድንጋይ ሳይቀር ያሳየኛል።

አሮጌ ሌንስ | ጥቅምት 19፣ ከጠዋቱ 3:15

ሻማ፣ ሐይቁ ላይ የሠራልህ ውኃውን በሰያፍ ስለምታየው ነው። ፖላራይዘር የሚያጠፋው በተወሰነ ማዕዘን የተመለሰ ብርሃንን ነው። ለመስታወት ያ ማዕዘን መስታወቱን ፊት ለፊት ከሚያዩበት መስመር 56 ዲግሪ ያህል ዘወር ያለ ነው፤ ከሱቁ ጥግ ቆሞ ወደ ውስጥ እንደ መመልከት ማለት ነው። ፊት ለፊት ከቆምክ ማጣሪያውን ብታሽከረክረው ባታሽከረክረው ለውጥ የለውም። በዚያ ላይ ከግማሽ በላይ ብርሃን ይበላብሃል፤ መቆሚያ ለሌለው ሰው ማታ ላይ ይህ ከባድ ዋጋ ነው። ከጎን ማንሳት የሚወድ ይግዛው። ፊት ለፊት ለሚያነሳ ጥቁሩ ጨርቅ ይበልጣል።

አዳዲሶቹ ሕንፃዎች ላይ ያለው ሰማያዊ አንጸባራቂ መስታወት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ቀን መስታወቱ መስታወትነቱ ቀርቶ መስተዋት ይሆናል፤ ማታ ውስጡ ሲበራ ያሳይሃል፣ ግን ቀለሙን ሁሉ ሰማያዊ ያደርግብሃል። እዚያ ላይ ጊዜህን አታጥፋ።

የታቦር ልጅ | ጥቅምት 19፣ ከምሽቱ 2:30

ጋሽ አሮጌ ሌንስ፣ ያስተማሩንን ሁሉ በአክብሮት ተቀብያለሁ። እኔ ግን ወደ ጥያቄው ራሱ ልመለስ። የፒያሳ ማታ፣ ነጸብራቁን ለምን ታጠፋዋለህ?

ቬሎው ከውጭ የመጣ ነው፤ አሻንጉሊቷም እንዲሁ። ያንኑ ልብስ በዚያችው አሻንጉሊት ላይ አዳማም፣ ባሕር ዳርም ታገኘዋለህ። ፎቶህ የሐዋሳ መሆኑን የሚመሰክረው መስታወቱ ላይ ያረፈው ነው፦ ዘንባባዎቹ፣ ቆሞ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ባጃጅ፣ በሲዳምኛና በአማርኛ የተጻፈው የማዶው ሱቅ ምልክት ተገልብጦ ሲነበብ፣ ከማታ ጸሎት ነጠላቸውን እንዳጣፉ የሚመለሱ እናቶች። ይህን ሁሉ በጥቁር ጨርቅ ከጋረድከው በኋላ በእጅህ የሚቀረው የዕቃ ማስታወቂያ ነው።

ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ዩጂን አትጄ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ የፓሪስን የልብስ ሱቆች መስታወት አንሥቷል። ካሜራው ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነበር፤ ፊልሙም 18 በ24 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ሰሌዳ። ሙሉ ልብስ የለበሱት አሻንጉሊቶች ላይ ከማዶ ያለው ሕንፃና የመንገዱ ዛፍ ተደርቦባቸዋል። ውስጥና ውጭው ተዋሕዶ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ዓይን ይቸገራል። እርሱ ሥራውን «ለሠዓሊያን የሚሆኑ ሰነዶች» ብሎ ነበር የሚሸጠው። በ1927 ሲሞት የተረፈውን ሥራ አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ በረኒስ አቦት ገዝታ ባታተርፈው ኖሮ ዛሬ ስለ እርሱ የምናወራው ነገር ባልኖረ። አትጄ ያቆመልን ልብሱን ከነመንገዱ ነው። የእኛም መንገድ በኮሪደር ልማቱ እየተለወጠ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ያ የእግረኛ መንገድ፣ ያ ምልክት፣ ያ ዛፍ የት ይገኛል? አሻንጉሊቷ ላይ ተደርበው ይቆዩልን እንጂ።

አሮጌ ሌንስ | ጥቅምት 19፣ ከምሽቱ 3:05

ነጸብራቁን የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ነጸብራቅ የሚታየው መስታወቱ ገጽ ላይ አይደለም። የመድኃኒት ቤቱ ምልክት ከመስታወቱ 15 ሜትር ርቆ ከሆነ ለካሜራህ ከመስታወቱ ጀርባ 15 ሜትር ገብቶ እንደተቀመጠ ነው። ቬሎው ደግሞ ከመስታወቱ አንድ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። በኤፍ 1.8 ልብሱን ስታጠራ መንገዱ የቀለም ጤዛ ይሆናል። ሁለቱንም ጥርት አድርገህ ከፈለግህ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 አጥብበው፤ ያኔ ደግሞ ሸተርህ ስለሚዘገይ መቆሚያ ግድ ነው። የእንጨት ዱካም ቢሆን ይዘህ ሂድ።

ቬሎ ቤት | ጥቅምት 20፣ ከጠዋቱ 4:20

ስለ እናንተ ክርክር የነገረኝ የወንድሜ ልጅ ነው። ሐዋሳ ውስጥ የቬሎ ኪራይ ሱቅ አለኝ፤ መስታወቱን የማዘጋጀው እኔ ራሴ ነኝ።

የታቦር ልጅ፣ ልብሱ ከውጭ መጥቷል፣ እውነት ነው። አቀማመጡ ግን ከውጭ አልመጣም። ሰኞ ማታ ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ እስከ 5 ሰዓት እሠራለሁ። አሻንጉሊቶቹ ቀጫጭን ስለሆኑ ልብሱን ከጀርባ በመርፌ ቁልፍ እይዘዋለሁ፤ ከፊት ሲታይ ለእሷ የተሰፋ መምሰል አለበት። የልብሱን ጅራት ስዘረጋው እንዳይተኛ ከሥሩ የተጨማደደ ወረቀት አስገባለሁ። ፀጉር የላቸውም፤ ለካባ ለባሿ ነጠላ አከናንባታለሁ፣ ለሌላይቱ አክሊልና ዓይነ ርግብ። ከፊት ቢጫ አምፖል፣ ለካባው ወርቀ ዘቦ። ከኋላ ነጭ አምፖል፣ ቬሎው እንዳይበልዝ። ይህን ቦታ ለማግኘት ስንት ማታ መንገድ ተሻግሬ ቆሜ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ማታ መብራቱን የማላጠፋው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ቀን ገብተው ዋጋ መጠየቅ የሚያፍሩ ልጆች አሉ። ከሥራ ሲወጡ፣ ከጓደኛቸው ወይም ከእናታቸው ጋር ማታ ይመጣሉ። መስታወቱ ላይ እጃቸውን አስደግፈው ይቆማሉ። ጠዋት ስከፍት የመጀመሪያ ሥራዬ የእጅ አሻራ መጥረግ ነው። አሻራው የት እንደበዛ አይቼ የትኛው ልብስ እንደተወደደ አውቃለሁ፤ ለጥር ሠርግ የማዘጋጀውንም በዚያ እመርጣለሁ። እንግዲህ የእኔን ሥራ በመድኃኒት ቤት መብራትና በባጃጅ ሸፍኖ «ይህ ነው ሐዋሳ» ለሚለኝ ሰው ምን ልበለው? ሐዋሳ ከመስታወቱ ወዲያም አለ። እኔ እዚያ ነኝ።

ሌላ ቅሬታም አለኝ። ስንቱ ሰው በስልኩ አንሥቶ ሄዷል። አንድ ሰው እንኳ «ይህን ማን አዘጋጀው?» ብሎ አልጠየቀኝም።

የጥበቃ ልጅ | ጥቅምት 20፣ ከቀኑ 7:00

ካሜራህን ሊቀማህ ስለሞከረው ሰው ልናገር፤ አባቴ ለብዙ ዓመታት የሌሊት ጥበቃ ስለነበሩ የማውቀው ነገር ነው። ጥበቃ ዕቃ ከጠፋ ከደሞዙ ይቆረጥበታል፤ አንዳንዴም ይታሰራል። ማታ ሱቅ ፊት ቆሞ ውስጡን በካሜራ የሚያይ ሰው ለእርሱ ቁልፉንና የበሩን አሠራር የሚያጠና ሰው ነው። አባቴ እንዲህ ያለ ሰው ባዩ ማግስት እንቅልፍ አልነበራቸውም። ስለዚህ ካሜራህን ከቦርሳ ሳታወጣ ሂድና ሰላምታ ስጥ፣ ስምህን ተናገር፣ በፊት ያነሳሃቸውን አሳየው። እድሜው ከገፋ «አባቴ» ብለህ፣ ከእርሱ ጋር ትንሽ ተቀመጥ። ሁለተኛ ማታ ስትመለስ ራሱ ባጃጆቹን ያስቆምልሃል። ባንክና የመንግሥት መሥሪያ ቤት አጠገብ ያለውን መስታወት ግን ከነጭራሹ ተወው።

ሻማ | ጥቅምት 20፣ ከምሽቱ 1:10

የፎቶ ቤቶችን መስታወትስ? የሙሽሮች፣ የተመራቂዎች፣ የሕፃናት ትልልቅ ፎቶ ተደርድሮ ማታ ይበራል። ለእኔ ከሁሉ የሚያምረው እርሱ ነው።

ፍትሐ ብሔር | ጥቅምት 20፣ ከምሽቱ 2:45

እዚያ ላይ ተጠንቀቁ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ እንደማይችል ይደነግጋል። አንቀጽ 28 ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፦ የሰውዬው ታዋቂነት ወይም የመንግሥት ሥራው፣ የፍትሕና የፖሊስ አስፈላጊነት፣ የሳይንስ፣ የባህል ወይም የትምህርት ጥቅም፣ እንዲሁም በአደባባይ የተደረገ ነገር። የፎቶ ቤቱ መስታወት ውስጥ ያለችው ሙሽራ ፈቃድ ሰጥታ ከሆነ የሰጠችው ለፎቶ ቤቱ ነው፤ ለእናንተ አይደለም። ፎቶውን ያነሳው ባለሙያም በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ያለው ሥራ ሠርቷል። መስታወቱን ከነመንገዱ በርቀት ማንሳትና የአንዲትን ሙሽራ ፊት ሞልቶ ማባዛት አንድ አይደሉም። እኔ ብሆን ፎቶ ቤቱን ጠይቄ፣ ፊቶች ጎልተው የማይለዩበትን አነሳለሁ።

አሮጌ ሌንስ | ጥቅምት 20፣ ከምሽቱ 3:30

እህቴ ቬሎ ቤት፣ ሁለት ዓይነት አምፖል ሆን ብለው እንደሚጠቀሙ ሳነብ ደስ አለኝ፤ ፎቶ አንሺው ይህን ማወቅ አለበት። ካሜራ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ነጭ ሊያደርጋቸው አይችልም። ቢጫው 2700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) አካባቢ ነው፣ ነጩ ወደ 6500 ይጠጋል። በራሱ እንዲወስን ከተተወ ወርቀ ዘቦውን ያገረጣዋል። የፒያሳ ማታ፣ በራው (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሣና ቤትህ ሆነህ ቬሎውን ነጭ የሚያደርገውን ምረጥ፤ ካባው ይሙቅ፣ እርሳቸው እንዲሞቅ ነው ያደረጉት።

ዋናው ግን ነጩ ልብስ ነው። በዙሪያው ያለው ጨለማ ካሜራህን ያታልለዋል፤ ብርሃን ያነሰ መስሎት ይጨምርና የቬሎው ጥልፍ በሙሉ ነጭ ወረቀት ይሆናል። የብርሃን ልኬቱን ወደ ነጥብ ቀይረህ ልብሱ ላይ ለካ። እንዲሁ ካነሳኸው ደግሞ ግራጫ ይሆንብሃል፤ ከለካህ በኋላ አንድ ወይም አንድ ተኩል እርከን ጨምርበት። ጥልፉ እያንዳንዱ ክር ድረስ ይወጣል።

ሰዓትም አለ። በዚህ ወር ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ስትል ትጠልቃለች። በእኛ ኬክሮስ ጨለማው ቶሎ ነው የሚወርደው፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ የሰማዩ ወይነ ጠጅና ሰማያዊ ቀለም አልፎ ይሄዳል። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ግን በዋናው መንገድ ጫፍ ሰማዩ ትንሽ ይቆይልሃል። 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ቦታህን ይዘህ ጠብቅ። ባለሱቆቹም ያኔ ገና አልዘጉም፤ ፈቃድ ለመጠየቅም ይመቻል።

የፒያሳ ማታ | ጥቅምት 26፣ ከምሽቱ 4:40

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስድስት ማታ ሠርቻለሁ።

መስመሮቹ በ1/100 ጠፉ። ጨርቁን ሠራሁ፤ ታናሽ እህቴና ጓደኛዋ ይዘውልኛል። ያንን ጥበቃ ሄጄ ሰላም አልኩት፣ ፎቶዎቹን አሳየሁት። ሚስቱ በልጅነቷ ለሰው ሠርግ ስታጨበጭብ ኖራ የራሷን ሠርግ ግን በቬሎ ሳታደርግ እንደቀረች ነገረኝ፤ ከዚያ በኋላ መብራቱ ስር ወንበሩን አውጥቶ ለእኔ መቆሚያ አደረገልኝ።

የታቦር ልጅ፣ አንተን ስለሰማሁ እያንዳንዱን መስታወት ሁለት ጊዜ አነሳለሁ፤ አንዴ ከጨርቁ ጋር፣ አንዴ ያለ ጨርቁ። ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንዱ ያለ ሌላው የሚጎድለው ነገር እንዳለ አየሁ። ሥራውን በጥንድ ነው የማሳየው። ከእያንዳንዱ ጥንድ ሥር ያዘጋጀው ሰው ከፈቀደ ስሙ ይጻፋል፤ እስካሁን 9 ባለሱቆች ጠየቅሁ፣ 8ቱ ፈቀዱ። አንዲት የኬክ ቤት ሠራተኛ ስሟን ሦስት ጊዜ አስደግማ አጻፈችኝ።

እትዬ ቬሎ ቤት፣ ቅሬታዎ ትክክል ነው፤ እኔም ከነሐሴ ጀምሮ ሳልጠይቅ ካነሳሁት አንዱ ነኝ፣ ይቅርታ ይደረግልኝ። የእጅ አሻራውን ነገር ካነበብኩ በኋላ የቆዩ ፎቶዎቼን አጉልቼ አየኋቸው። አለ። ቆሻሻ መስሎኝ በኮምፒውተር ሳጠፋው ነበር። አሁን ማንሳት የምፈልገው እርሱን ነው፦ ፎከሱን መስታወቱ ገጽ ላይ አድርጌ፣ ልብሱ ከኋላ ደብዝዞ፣ የሴቶቹ እጅ ያረፈበት ቦታ ጥርት ብሎ። አሻራው የሚወጣው ብርሃን ከጎን ሲመታው ስለሆነ ከውስጥ ያለው ቢጫ አምፖል ይበቃኛል። የሚቸግረኝ ጠዋት መጠረጉ ነው፤ ማታ ስመጣ ገና ጥቂት ነው የሚኖረው። ቢፈቅዱልኝ አንድ ቀን ሳይጠርጉ ቢያቆዩልኝ?

ቬሎ ቤት | ጥቅምት 27፣ ከጠዋቱ 3:05

ልጄ፣ ስለጠየቅህ ደስ ብሎኛል። ሰኞ አዲሱን ቬሎ አወጣለሁ፤ እጀ ሙሉ ነው፣ ዕንቁ የተሰፋበት። ከማክሰኞ ጀምሮ መስታወቱን በውስጥ በኩል ብቻ እጠርጋለሁ። ሐሙስ ማታ ና። ጥበቃውን ነግሬዋለሁ፣ መብራቱንም እንደ ልማዴ አላጠፋም። ለእህትህም ሹራብ አስይዛት፤ ጨርቅ ይዞ መቆም ይበርዳል።